የበረንዳ አዳሪው ስም ማን ነው?



ከዓመታት በፊት ከቦሬ ወደ ነገሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ካሉት ከተሞች በአንዲቱ በመምህርነት ስኖር፣ ከቤተ ክርስቲያናችን አጥር አጠገብ በሚገኝ የእህል መጋዘን በረንዳ ላይ የሚያድሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ እንጀራ በወጥ፣ አንዳንድ ጊዜም ዳቦ እወስድላቸው ነበር። ይህንንም ሦስት ዓመት ያህል ሳላቋርጥ አድርጌያለሁ። «አባባ፣ እንደምን አመሹ?» እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም መርቀው ይቀበሉኛል፤ ከዚያም ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። አፍ አውጥቼ ባልናገረውም፣ ግዴታዬን እንደ ተወጣሁ በልቤ ይሰማኝ ነበር።

አንድ ዓመት ለከተማው ችግረኞች መርጃ የሚሆን ጥቂት የመንግሥት ገንዘብ ተመደበና ምዝገባ ተጀመረ። ከምእመናን መካከልም ሦስት ሰዎች በታዛቢነት እንድንገኝ ተጠራን። በረንዳው ዘንድ ስንደርስ ሽማግሌው አልነበሩም። መዝገብ የያዘው ወጣት ብዕሩን አንሥቶ «እዚህ የሚያድሩት ሰው ስማቸው ማን ይባላል?» ሲል ጠየቀ። ዝም አልሁ። «የአባታቸውስ ስም? ከየት መጡ? በዚህ ከተማ ስንት ዓመት ሆናቸው? ዘመድ አላቸው?» አሁንም ዝም አልሁ። ወጣቱ በትሕትና «ጋሼ፣ እርስዎ ያውቋቸዋል ተብሎ ነበር» አለኝና ወደሚቀጥለው ቤት አለፍን። የሽማግሌው ስም በመዝገቡ አልገባም። ክረምቱ ሳይወጣም ከዚያ በረንዳ ጠፉ። ወዴት እንደ ሄዱ ልጠይቅ ብነሣ፣ በምን ስም ልጠይቅ?

መዝገብ የያዘው ወጣት ጥፋት የለበትም፤ መጠየቅ የሚገባውን ጠየቀ። መልስ ያጣሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ በሐሳቤ ይመላለሳል፤ ይኸውም ቤት የሌለውን ሰው የመርዳት ግዴታ የማን ነው? የመንግሥት ነው ወይስ የእኛ? መንግሥት ከበጀቱ የሚሰጠውስ ምጽዋት ነው ወይስ ዕዳ? በዚህ ጽሑፍ ከእናንተ ጋር ላሰላስለው የምፈልገው ይህንኑ ነው።

ሁለት አስተያየቶች

ከቅዳሴ በኋላ ሰዎች በቡና ላይ ሲጫወቱ ስለ በረንዳ አዳሪዎች ሁለት ዓይነት አስተያየት ይሰማል። አንደኛው «ይህ የመንግሥት ሥራ ነው። ግብር እንከፍላለን፤ በጀቱ በእጁ ነው፤ መጠለያ ለሌለው መጠለያ ይስጥ» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ድኻን መርዳት የቤተ ዘመድና የምእመናን ሥራ ነው፤ መንግሥት ገንዘብ ማከፋፈል ከጀመረ ሰነፍ ይበዛል፤ ከገጠሩም ሰው ወደ ከተማ ይጎርፋል፤ የሕዝቡም ርኅራኄ ይቀዘቅዛል» ይላል።

ሁለቱ የሚቃረኑ ይመስላሉ። በቅርብ ለሚያያቸው ግን በአንድ ነገር ይስማማሉ። ሁለቱም ግዴታውን ለአንድ ወገን ብቻ ይሰጡታል፤ ስለዚህ አንዱ ሲሠራ ሌላው እንዲያርፍ ይፈቅዳሉ። የእኔ እምነት ከሁለቱም ይለያል። መንግሥት የሚከፍለው የራሱ ዕዳ አለበት፤ እኛም የምንከፍለው ሌላ ዕዳ አለብን፤ የአንዱ መከፈል የሌላውን አይሰርዝም። እኔ ያን ጊዜ እንጀራ በመስጠት የመንግሥትን ሥራ በጥቂቱ ሠርቼ፣ የራሴን ሥራ ግን ሳልሠራ ቀርቻለሁ።

መንግሥት ከፋይ የሆነበት መንገድ

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ጥቂት ታሪክ ማስታወስ ያስፈልጋል። በቀድሞው ልማድ መንገደኛ ሲመሽበት ከአንዱ ደጅ ቆሞ የእግዚአብሔር እንግዳ መሆኑን ይናገራል፤ ባለቤቱም ማሳደሩን እንደ ክብር ይቆጥረዋል። በቦረና ኦሮሞ ዘንድም ቡሳ ጎኖፋ የሚባል ሥርዓት አለ። ከብቱ ያለቀበት ሰው ለጎሳው ያመለክታል፤ ጎሳውም መርምሮ ከየመንጋው እያዋጣ እንደገና ባለከብት ያደርገዋል። በዚህ ሥርዓት ተቸጋሪው ለማኝ አይባልም፤ የጎሳው አባል እንደ መሆኑ የሚገባውን ይጠይቃል። ይህ ሁሉ ግን የሚሠራው ሰው በሚተዋወቅበት አገር ነው። ከተማ ሲሰፋ አንዱ ሌላውን አያውቀውም፤ የእግዚአብሔር እንግዳም ቀስ በቀስ በረንዳ አዳሪ፣ ከዚያም ጎዳና ተዳዳሪ የሚል ስም ወጣለት።

በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ኪራያቸው አነስተኛ የሆነው ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ፤ «የቀበሌ ቤት» የሚለውም አነጋገር ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው። የቀበሌ ቤት ለብዙ ድኾች መጠለያ ሆነ፤ የከተማው ሕዝብ ሲበዛ ግን አልበቃም፤ ቤቶቹም አረጁ። ይሁንና ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የከተማ ቤት ጉዳይ ከመንግሥት እጅ አልወጣም።

በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90፣ የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ኢትዮጵያውያን ሁሉ ትምህርት፣ ጤና፣ ንጹሕ ውሃ፣ መኖሪያ፣ ምግብና ማኅበራዊ ዋስትና እንዲያገኙ ፖሊሲዎች መጣር እንዳለባቸው ይናገራል። በአንቀጽ 41ም መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ የቀሩ ልጆችን እንዲረዳ ይደነግጋል። «አቅም በፈቀደ» የሚለው ቃል ሰፊ በር ነው፤ ብዙ ሊያስገባ፣ ብዙም ሊያስወጣ ይችላል።

በ1996 ዓ.ም. ደግሞ የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384 ወጣ። ዓላማው ወንጀልን መከላከል ነበር፤ ይሁን እንጂ በአዋጁ የሚታወቅ መተዳደሪያ አለመኖር፣ ከሌሎች ከተዘረዘሩት ድርጊቶች ጋር ሲደመር፣ ለክስ የሚያበቃ ነገር ነበር። እንግዲህ ምንም የሌለው ሰው ከሕግ ፊት ሲቆም በመጀመሪያ የሚገጥመው ጥርጣሬ ነበር ማለት ነው።

ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ2009 ዓ.ም.፣ ያው መንግሥት የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የተባለውን ጀመረ። በገጠር ተመሳሳዩ ሥራ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ነበረ፤ ለከተማ ድኾች ግን ይህ አዲስ ነገር ነው። የተመደበው 450 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ሲሆን፣ ከዚህ 300 ሚሊዮኑ ከዓለም ባንክ፣ 150 ሚሊዮኑ ከኢትዮጵያ መንግሥት የተገኘ ነው። በ11 ከተሞች 604,000 ሰዎችን ለመርዳት የታቀደ ነበር። መሥራት የሚችሉት በአካባቢ ጽዳትና ይህን በመሰለ ሥራ ተሰማርተው ገንዘብ ያገኛሉ፤ ሥራ የማይችሉት አረጋውያንና ሕሙማን ያለ ሥራ ይረዳሉ። ለእኛ ጉዳይ ዋናው ግን በፕሮግራሙ ውስጥ በጎዳና ለሚኖሩና በልመና ለሚተዳደሩ የተለየ ክፍል መኖሩ ነው። ከ11ዱ ከተሞች ለእኛ የምትቀርበው ሐዋሳ ናት፤ የቆላው ከተሞቻችን በዚያ የመጀመሪያ ምዕራፍ አልነበሩበትም። ሁለተኛው ምዕራፍ በ2013 ዓ.ም. ተጀምሮ ወደ ተጨማሪ ከተሞች ሰፍቷል።

ምጽዋት ነው ወይስ ዕዳ?

ምጽዋት ከሰጪው ልብ ይመነጫል። ሰጪው ዛሬ ቢሰጥ ነገ ቢተው፣ ተቀባዩ ተነሥቶ «ለምን ቀነስህብኝ?» ሊለው አይችልም። ዕዳ ግን ሌላ ነው። ባለዕዳ ሲከፍል አይመሰገንም፤ ሳይከፍል ሲቀር ግን ይጠየቃል። እንግዲህ መንግሥት ለበረንዳ አዳሪው የሚያወጣው ገንዘብ ከሁለቱ የትኛው ነው? እኔ ዕዳ ነው እላለሁ፤ ምክንያቶቼም ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው፣ ሰውን ቤት አልባ የሚያደርገው ነገር ብዙውን ጊዜ ከእሱ እጅ ያልመጣ መሆኑ ነው። ሩቅ ሳንሄድ የራሳችንን አገር እንመልከት። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ፤ ትናንት ቤትና ቡና የነበረው ገበሬ በማግሥቱ በትምህርት ቤትና በቤተ ክርስቲያን ግቢ አደረ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ዝናቡ አምስት ወቅት ተከታትሎ ቀረ። በቦረና ከብት አለቀ፤ ባለከብቶች የነበሩ ቤተሰቦች በዱብሉክና በሌሎች ቦታዎች በላስቲክና በጨርቅ በተሠሩ ጎጆዎች ሰፈሩ። ከእነርሱ አንዳንዱ ዛሬ በከተሞቻችን በረንዳ ቢገኝ፣ ስንፍናው ነው ልንል እንችላለን? ዝናብን የሚያቆም ሰው የለም፤ ጸጥታን ማስከበር ግን የመንግሥት ተግባር ነው። ጥፋቱ የጋራ ሲሆን መካሻውም የጋራ መሆን አለበት፤ የጋራ ገንዘብ ያለውም በመንግሥት ካዝና ነው።

ሁለተኛው የመሬት ነገር ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የአገሪቱ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ የጋራ ሀብት ነው። ይህን ቃል በቁም ነገር ከወሰድነው በመጋዘኑ በረንዳ ላይ የሚያድረው ሰው ከባለቤቶቹ አንዱ ነው። ጥበቃው «ከዚህ ተነሥ» ሲለው የሚነሣው ከጋራ ርስቱ ላይ ነው። የሁሉም የሆነው መሬት ለአንዱ እንኳ የሚጋደምበት ስፍራ ካጣለት፣ የጋራውን ሀብት የሚያስተዳድረው አካል ለዚያ ሰው መልስ መስጠት ይገባዋል። አንድ አባወራ የወንድማማቾችን ርስት ይዞ ከወንድሞቹ አንዱን በደጅ ቢያሳድር የምንፈርድበት እንዴት ነው?

ሦስተኛው፣ ጎዳና ላይ የሚያድር ሰው ግብር የማይከፍል የሚመስለን ስሕተት ነው። ሳሙና፣ ስኳር፣ ሸራ ጫማ ሲገዛ በዋጋው ውስጥ ያለውን ቀረጥ እኩል ከእኛ ጋር ይከፍላል። ከሱቁ ደጅ የሚያድረው ሰው ከሱቁ ባለቤት ጋር አንድ ካዝና ይሞላል። ከዚያ ካዝና ጥቂት ሲመለስለት ለምን እንደነቃለን?

ይህ የእኔ ብቻ አስተያየት አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. 1987ን ዓለም አቀፍ የቤት አልባዎች መጠለያ ዓመት ብሎ በሰየመ ጊዜ፣ የቅድስት መንበር የፍትሕና የሰላም ጳጳሳዊ ኮሚሽን ስለ መኖሪያ ቤት ችግር አንድ ሰነድ አወጣ። የሰነዱ ርእስ ራሱ ቤት አልባውን ወንድምህን ምን አደረግኸው የሚል ጥያቄ ነው። በውስጡም ቤት ማጣት የአንድ ሰው ክፉ ዕድል ብቻ እንዳልሆነ፣ በማኅበራዊ ኑሮ አቋም ውስጥ ያለ የፍትሕ ጉድለት መሆኑንና መጠለያም ለሰው የሚገባው መብት መሆኑን ያስተምራል።

«ስንፍናን ያበረታታል» ለሚሉ

አሁን ለሁለተኛው አስተያየት መልስ መስጠት ይገባናል፤ ምክንያቱም የሚሉት ሁሉ ሐሰት አይደለም። እርዳታ የለመደ ሰው እጁን ማጠፍ ሊለምድ ይችላል። በመዝገብ ላይ የእውነተኛውን ችግረኛ ስፍራ የኮሚቴው ዘመድ ሊይዘው ይችላል። አንድ ከተማ ቢረዳ፣ የማይረዳው ጎረቤት ከተማ ድኾቹን ወደዚያ ሊገፋ ይችላል። እነዚህ በዓይናችን ያየናቸው ነገሮች ናቸው።

ነገር ግን ከዚህ የሚከተለው ምንድን ነው? የወፍጮ ቤት ሚዛን ቢያጭበረብር ሚዛኑን እናስተካክላለን እንጂ ሕዝቡ ዱቄት ይቅርበት አንልም። የተበላሸ አሠራር የሚጠይቀው የተሻለ አሠራር ነው። ደግሞም ስንፍና የሚለውን ቃል ከመናገራችን በፊት የበረንዳ አዳሪውን ቀን እናስብ። ሌሊት ብርድና ፍርሃት እንቅልፍ ይነሡታል። ጠዋት ልብሱን የሚያስቀምጥበት ስለሌለው የቀን ሥራ ሲሄድ ንብረቱን ተሸክሞ ነው፤ መታጠቢያ ስለሌለው አሠሪ ይሸሸዋል፤ ዋስ ስለሌለው የሰው ቤት ሠራተኛ እንኳ መሆን አይችልም። ሥራ ስለሌለው ቤት የለውም እንላለን፤ ቤት ስለሌለው ሥራ እንደማያገኝ ግን እንዘነጋለን።

በዚህ ረገድ የፊንላንድ መንግሥት ያደረገው የሚጠቀስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በዚያ አገር የቆየውን ቅደም ተከተል ገለበጡት። ቀድሞ በብዙ አገር እንደሚደረገው ሰውየው በመጀመሪያ መጠጡን ይተው፣ ይታከም፣ ሥራ ይያዝ፣ ከዚያ ቤት ይሰጠው ይባል ነበር። እነርሱ ግን በመጀመሪያ የሚቆለፍ በር ያለው ቤት ሰጡት፤ ሕክምናውንና ሥራውን ከዚያ አስከተሉ። የቤት አልባዎቹ ቁጥርም እየቀነሰ ሄደ። የፊንላንድ ሀብት የለንም፤ ቅደም ተከተሉን ግን ከእነርሱ ልንማር እንችላለን። ሰው በደኅና ሳያድር በደኅና ሊሠራ አይችልም።

ገንዘብ የማያደርገው ነገር

እስካሁን የተናገርሁት መንግሥት ይክፈል የሚሉትን የሚያስደስት ነው። አሁን ግን ወደ እነርሱም መዞር አለብን።

መንግሥት የሚያየው በመዝገብ ነው፤ በሌላ መንገድ ሊያይም አይችልም። መዝገቡ ደግሞ ስም፣ የአባት ስም፣ ቀበሌና የቤት ቁጥር ይጠይቃል። የቀበሌ መታወቂያችሁን አውጥታችሁ ተመልከቱ፤ የቤት ቁጥር የሚል መስመር ታገኛላችሁ። ቤት የሌለው ሰው በዚያ መስመር ላይ ምን ይጻፍለት? ስለዚህ እርዳታው ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ሰው ለመመዝገብ ከሁሉ ይልቅ ይቸገራል። ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1662 በወጣው ሕግ እያንዳንዱ ቁምስና የሚረዳው የራሱ ነዋሪ የሆነውን ድኻ ብቻ ነበር፤ ሊቸገር ይችላል ተብሎ የተጠረጠረ እንግዳ ወደ መጣበት ቁምስና ይመለስ ነበር። ድኻው እንዲረዳ የታሰበው ሥርዓት ድኻውን ከደጅ የሚያባርር ሆነ።

በከተማው ሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች ሲመረጡ የአካባቢው ሰዎች የሚገኙባቸው ኮሚቴዎች ይሳተፋሉ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ያውቃል ከሚል የመነጨ ነው። ግን ጎረቤት የማያውቀው ከሆነስ? የሦስት ዓመት እንጀራ አቀባይ ሆኜ በመዝገቡ ፊት ዝም ያልሁት እኔ ለዚህ ምስክር ነኝ። ከመንግሥት ካዝና አንድ ሚሊዮን ብር ቢወጣ ለእኒያ ሽማግሌ አይደርስም ነበር፤ የጎደለው «እኔ አውቃቸዋለሁ» የሚል አንድ ሰው ነበርና።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1991 «ቸንተሲሙስ አኑስ» በተባለው መልእክታቸው ይህን አመልክተዋል። መንግሥት የድኻውን ጉዳይ ሁሉ በራሱ ቢሮ ብቻ ሊፈጽመው ቢሞክር ወጪው ይበዛል፤ የሰውም ኃይል ይደክማል፤ የችግረኛውን ፍላጎት ይበልጥ የሚረዳው በአጠገቡ ያለ ባልንጀራ ነው ይላሉ። ይህን ሲሉ ግን መንግሥት እጁን ይሰብስብ ማለታቸው አልነበረም፤ ከዚያው ጋር መንግሥት ለደካሞች ያለበትን ኃላፊነት ያስተምራሉ።

ይህ ጉዳይ ለአባቶችም አዲስ አልነበረም። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅዱስ ባስልዮስ በቂሣርያ ለድኾች፣ ለእንግዶችና ለሕሙማን ታላቅ መጠለያ ሠራ። እንዲህ ያሉ ቤቶች በየከተማው ሲስፋፉ ምእመናን «እንግዳ መቀበል ከእንግዲህ የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነው፤ ገንዘቡም አላት» ማለት ጀመሩ። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በስብከቱ ይህን አጥብቆ ነቀፈ። ሌላው ሰው ስለጸለየ አንተ ከመጸለይ ነፃ ነህን? ቤተ ክርስቲያን ስላበላች አንተ አብልተሃልን? የሚል መንፈስ ያለው ወቀሳ ነበር። እያንዳንዱም በቤቱ ለእንግዳው፣ ማለትም ለክርስቶስ፣ አንድ ክፍል እንዲያዘጋጅ መከረ። በዚያ ዘመን ሰዎች ኃላፊነታቸውን የጣሉት በቤተ ክርስቲያን ላይ ነበር፤ እኛ ደግሞ በመንግሥት በጀት ላይ እንጥላለን።

ስምን የሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። ጌታችን በተናገራቸው ምሳሌዎች ውስጥ ዘሪው፣ እረኛው፣ ሳምራዊው፣ የጠፋው ልጅ ሁሉ ስም የላቸውም። በስም የተጠራው አንድ ነው፤ እሱም በሀብታሙ ደጅ የተኛው አልዓዛር ነው። ሀብታሙ ስም አልተሰጠውም። በምድር ላይ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ የባለመጋዘኑን ስም ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ በረንዳው ላይ የሚያድረውን የሚያውቅ የለም። እኔ «አባባ» እያልሁ ስጠራቸው የማከብራቸው መስሎኝ ነበር። አክብሮቱ እውነት ነው፤ ግን ቃሉ ስማቸውን አለመጠየቄን ሸፈነልኝ። ቋንቋችን ለለማኝ «የኔ ቢጤ» የሚል ስም አለው። ይህን ቃል በየቀኑ እንናገራለን። የኔ ቢጤ ማለት እኔን የመሰለ፣ እኩያዬ ማለት ነው። እኩያውን በስም የማያውቅ ሰው ግን ማን ነው?

ምን እናድርግ?

ለካቴኪስቶችና ለቁምስና ምክር ቤት አባላት ሦስት ነገሮችን አቀርባለሁ። ሁሉም ከአቅማችን በላይ አይደሉም።

አንደኛ፣ እንወቃቸው። በየቁምስናችን አካባቢ በበረንዳ፣ በአውቶቡስ መናኸሪያና በገበያ የሚያድሩትን በስም እናውቅ። ስም፣ የትውልድ አገር፣ ከመቼ ጀምሮ እዚህ እንዳሉ፣ የሚጠራላቸው ዘመድ እንዳላቸው በፈቃዳቸው እንጠይቅ። ይህ ምርመራ እንዳይመስላቸው ቀስ ብሎ፣ ተቀምጦ፣ በጨዋታ መካከል የሚጠየቅ ነው። እንጀራውን አቀብሎ የሚሮጥ ሰው ሊያደርገው አይችልም።

ሁለተኛ፣ ምስክር እንሁን። ፋይዳ በተባለው የዲጂታል መታወቂያ አሠራር ሰነድ የሌለው ሰው፣ ፋይዳ ባለው ሰው ምስክርነት የሚመዘገብበት መንገድ አለ። እንግዲህ መንግሥት ራሱ «የሚያውቀው ሰው ይምጣ» ብሎ በሩን ከፍቷል ማለት ነው። መታወቂያ ያገኘ ሰው ባንክ ሊገባ፣ ሥራ ሊጠይቅ፣ በእርዳታ መዝገብ ሊቆጠር ይችላል። ከእኛ አንዱ ከአንድ በረንዳ አዳሪ ጋር ሄዶ አንድ ጠዋት ቢሰለፍ፣ ከብዙ ቅዳሜዎች እንጀራ የበለጠ ሊጠቅመው ይችላል። ምስክርነት ግን ከባድ ቃል ነው፤ የማናውቀውን እናውቃለን እንዳንል፣ ዘመዳችንንም በችግረኛ ስፍራ እንዳናስገባ እንጠንቀቅ።

ሦስተኛ፣ ስለ ገንዘቡ እንጠይቅ። ዕዳ መሆኑን ካመንን ዕዳው መከፈሉን መከታተል ነውር አይደለም። በከተማችን ለድኾች የተመደበው ምን ያህል ነው? ለስንት ሰው ደረሰ? ጎዳና ላይ ያሉት ተቆጥረዋል ወይ? በዓል ወይም ታላቅ ስብሰባ ሲደርስ ሰዎችን አፍሶ ወደ ሌላ ስፍራ መውሰድ እርዳታ ነው ወይስ ከዓይን መሰወር? ይህን በጨዋነት፣ በስብሰባ ላይ፣ እጅ አውጥቶ መጠየቅ የዜጋ ሥራ ነው። በረንዳ አዳሪው በዚያ ስብሰባ አይጠራም፤ የተጠራነው እኛ ነን።

ዛሬ የምኖረው በቦሬ ነው። ቦሬ ደጋ ናት፤ በቆላው በነገሌ ሰው በሸራ ሥር ሊያድር ይችል ይሆናል፤ እዚህ ግን በክረምት ሌሊት የሚወርደው ጉምና ብርድ ለብርድ ልብስም ያስቸግራል። ከመናኸሪያው አጠገብ ባለ አንድ በረንዳ ላይ ሁለት ወንድማማች ልጆች ያድራሉ። ባለፈው ወር አጠገባቸው ተቀምጬ ተዋወቅሁ። ስማቸውን፣ የአባታቸውን ስም፣ የመጡበትን ቀበሌ በጸሎት መጽሐፌ የመጨረሻ ገጽ ላይ ጽፌያለሁ፤ እዚህ አልጽፈውም፤ የእነርሱ ነውና። ታላቁ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ትምህርት ያቋረጠው ከአምስተኛ ክፍል ነው። እስካሁን ቤት አላገኙም፤ ገና ብዙ ደጅ መጥናት አለብን። መዝገብ የያዘ ሰው መጥቶ የሚጠይቅ ከሆነ ግን በዚህ ጊዜ ዝም አልልም።

በቡድን ለመወያየት

1. በቁምስናችን አካባቢ በደጅ ከሚያድሩት ሰዎች መካከል የስንቱን ስም እናውቃለን?

2. ለቤት አልባው የሚሰጠው የመንግሥት ገንዘብ ዕዳ ነው ወይስ ምጽዋት? በጽሑፉ ከቀረቡት ሦስት ምክንያቶች የማትስማሙበት ካለ የትኛው ነው? ለምን?

3. ከእኛ መካከል ሰነድ ለሌለው አንድ ሰው በዚህ ሩብ ዓመት ምስክር ሊሆን የሚችል ማን ነው?